ጅቡ ወረፋ የያዘ ዕለት

የመንሱር ኤንትሬ የጭነት መኪና የአቃቂን ድልድይ ተሻግራ ወደ ቃሊቲ ስትከንፍ፣ ከኋላ ጭነቱ ላይ የተሳፈሩት ሕፃናት ጉሮሯቸው እስኪነቃ ይዘፍኑ ነበር። ጋቢና ውስጥ ሦስት ሰዎች ተጣብበው ተቀምጠዋል። መሪውን የያዘው መንሱር ነው፤ ከወሎ እህልና ጨው ሲያመላልስ ኖሮ አቃቂ ላይ ጎጆ የቀለሰ፣ መኪናውን እንደ ሰው የሚያቆላምጥ ሹፌር። በበሩ በኩል ሚስቱ ሳዲያ አንድ የማዳበሪያ ከረጢት አቅፋ ተቀምጣለች። ከሁለቱ መሀል፣ መንሱር ካምቢዮ በለወጠ ቁጥር ጉልበቱን እየሰበሰበ የሚጨነቀው የአካባቢው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ጓድ ሳህሌ ነው። ካኪ ልብሱን ለዚያ ቅዳሜ ብሎ አስተኩሶታል፤ ልብሱ እንደ ካርቶን ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ቃሊቲ ኬላ ላይ ገመዱ ተወጥሮ ጠበቃቸው። ምንሽር ያነገተ የአብዮት ጥበቃ ወደ ሹፌሩ መስኮት ቀረበና ምን እንደጫኑ ጠየቀ።

መንሱር ፊቱን ሳይፈታ፣ «አንድ ጅብ፣ አንድ አህያ፣ አንዲት ዶሮና አንድ በሬ» አለው።

ጥበቃው ሊስቅ ዳዳውና ካኪ ለባሹን ሲያይ መልሶ ዋጠው። ከረጢቱን አስፈታ። የፋብሪካ ውዳቂ ክር የተጠቀጠቀባቸውን አሻንጉሊቶች አንድ በአንድ እያወጣ አየ። ጅቡን ወደደው። አህያውን አገላብጦ መለሰው። በሬው ላይ ሲደርስ ግን ቆመ፤ ቀንዶቹን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ ፊቱን አፍጥጦ ተመለከተው።

«ይሄ አንበሳ ነው» አለ።

ጓድ ሳህሌ ላብ አጠመቀው። በዚያን ጊዜ አንበሳ ይዞ መገኘት በሕግ የተከለከለ አልነበረም፤ ያልተከለከለውን ነገር ደግሞ ሰው ይበልጥ ይፈራው ነበር። እሱ የሚለውን ሲፈልግ ከላይ ከጭነቱ አንዲት ሹሩባ የተሠራች ጭንቅላት ቁልቁል ብቅ አለች። የዳሲቱ ነበረች፤ አባቷ የአቃቂ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ሳይተከል በፊት እዚያው ቦታ ላይ ጤፍ ያርስ የነበረ፣ አሁን የዚያው ፋብሪካ በር ጠባቂ የሆነ፣ የአሥር ዓመት ልጅ።

«አንበሳ ነበር። አሁን በሬ ሆኗል» አለችው።

«መቼ?»

«ሐሙስ።»

ጥበቃው ትንሽ አሰበ። ያ ዘመን ብዙ ነገር ባንድ ሐሙስ ሌላ ነገር ሆኖ የሚያድርበት ዘመን ስለነበር መልሱ አላስገረመውም። ገመዱን ለቀቀላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳዲያ የፋብሪካው የሽመና ክፍል ሠራተኛ ነች። የስልሳ ስድስቱ አብዮት ከፈነዳ ሰባተኛ ዓመቱን በያዘበት በዚያ ወራት፣ ከፈረቃዋ ስትወጣ የቀበሌውን ልጆች ሰብስባ አሻንጉሊት ታጫውታለች። ስለ አንድ ምንጭ የሚያወራ ተረት ከራሷ ፈጥራ አስጠናቻቸው፤ አንድ ደግ አንበሳ፣ ውኃውን በጉቦ የሚያስቀዳ አንድ ጅብ ሎሌ፣ የተጠሙ እንስሳት። ወሬው ቴሌቪዥን ጣቢያ ድረስ ደረሰና ልጆቹ ለቅዳሜው የሕፃናት ፕሮግራም ተጠሩ። አቃቂ በሰቃ እንዲህ ያለ ክብር አይታ አታውቅም ነበርና ከጠላ ቤት እስከ መስጊድ ሌላ ወሬ ጠፋ።

ሐሙስ ዕለት ጓድ ሳህሌ ልምምዱን ሊገመግም መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር፤ በዚያ ዘመን ሁለቱን መለየት ለራሱም ያስቸግረው ነበር። ከተጫዋቾቹ እኩል ስቆ ሲያበቃ ዕርማቱን ተናገረ። አንበሳ ደግ ሆኖ በቴሌቪዥን አይወጣም፤ አንበሳ ከዙፋኑ ጋር ሄዷል። ስለዚህ ጋማው ተሸልቶ፣ ቀንድ ተሰፍቶለት፣ ወዝ አደሩ በሬ ይሁን። አህያው ጭቁን ገበሬ ነው። ዶሮዋ የሴቶች ማኅበር ነች። ጅቡ ፊውዳል ነው። ይህን ሁሉ በጽሑፉ ዳር ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጻፈና ፈረመበት።

መጨረሻውንም ለወጠው። በሳዲያ ተረት ደጉ አንበሳ ውኃውን ለሁሉም ያካፍል ነበር። አንበሳው ከተሻረ ደግሞ የሚያካፍል የለም። ጓድ ሳህሌ ያንን ገጽ ሰርዞ፣ «ጅቡ ከተባረረ በኋላ እንስሳቱ ተደራጅተው ውኃውን በሥርዓት ይጠጣሉ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ተካበት። ሳዲያ እንዴት ሆነው እንደሚደራጁ፣ ምን ምን እንደሚሉ ጠየቀችው። ስብሰባ ነበረበት። የአቃቂ ልጆች በሥርዓት ውኃ መጠጣት የማያውቁ ይመስል ይህን ምን ያስጠይቃል ብሎ ሄደ።

ሳዲያ ያልተከራከረችው በክፍሉ ምክንያት ነበር። ልጆቹ የሚለማመዱት ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ ባለች፣ በድሮ ጊዜ የአንድ ባላባት የፈረስ ጋጣ በነበረች ክፍል ውስጥ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ተሰማ ይህችን ክፍል ከዓመት በላይ ሲመኛት ቆይቷል፤ ለቀበሌው ሱቅ የሚመጣውን ስኳርና ሳሙና ሊያስቀምጥባት። ስኳር ደግሞ በተቀመጠ ቁጥር እንደሚቀንስ መንደሩ በሙሉ ያውቃል። ተሰማ የቴሌቪዥኑን ጥሪ ሲሰማ ሳዲያን አስጠርቶ፣ ነገሩ ካማረ ክፍሉ የልጆቹ እንደሚሆን፣ ከተበላሸ ግን ሰኞ የሚመጣው ስኳር እንደሚገባበት ነገራት። ቀጥሎም የቀበሌውን ስም ለሚያጎድፍ ሰው ሌላ ክፍል እንዳለ አስታወሳት። ያቺ ሌላ ክፍል መስኮቷ በፍርግርግ ብረት የታጠረች ነች፤ ማንም ስለ እሷ ጮክ ብሎ አያወራም።

ሳዲያ ሳሪስን አልፈው ሽቅብ ወደ ከተማው ሲወጡ ከረጢቱን ይበልጥ ወደ ደረቷ አስጠጋችው። ለራሷ ብዙ አልፈራችም። ልጆቹ ግን ከዚያች ጋጣ በቀር በዓለም ላይ የሚጮኹበት ቦታ አልነበራቸውም። ቤት ውስጥ አባት ከሌሊት ፈረቃ መጥቶ ይተኛል፤ መንገድ ላይ ሰልፍ አለ፤ ትምህርት ቤት ውስጥ መፈክር ነው የሚጮኸው።

ስቱዲዮው በመብራት ብዛት እንደ ዳቦ ቤት ይፋጅ ነበር። የፕሮግራሙ አዘጋጅ አቶ ወልደየሱስ ይባላሉ፤ ከሳቸው ቀድሞ ድምፃቸው የሚገባ፣ ሕፃናትን ከልባቸው የሚወዱና በሕፃናት ምክንያት ደግሞ ጨጓራቸው የታመመ ሰው ናቸው። ለሳዲያ አንድ ነገር ብቻ ደጋግመው ነገሯት። ፕሮግራሙ በቀጥታ ይተላለፋል፤ የመቅጃው ቴፕ ለትልልቅ ንግግሮች ብቻ ነው የሚታዘዘው። አንዴ ከወጣ አይመለስም።

ልጆቹ ጨርቅ የለበሰ ረጅም ጠረጴዛ ጀርባ ተንበረከኩ። ጠረጴዛው ላይ ሳዲያ ከአቃቂ ወንዝ ለቅማ ባመጣቻቸው ጠጠሮች ዙሪያውን ከብባ ምንጩን ሠራች። ከፊት ለፊት ከየትምህርት ቤቱ የመጡ ሕፃናት ምንጣፍ ላይ ተኮልኩለዋል። ጓድ ሳህሌ ግድግዳውን ተደግፎ እጁን አጣምሮ ቆመ። ቀይ መብራት በራ።

አጀማመሩ አማረ። በሬው የአንበሳ ፊቱን ይዞ ስለ ሥራ ክቡርነት ተናገረ። አህያው አናፋ። የኩምሳ ጅብ ደግሞ ገና ብቅ ሲል የምንጣፉ ሕፃናት በጩኸት ተቀበሉት። ኩምሳ ዳሲቱን በአንድ ዓመት የሚበልጥ፣ ለዚህ ጅብ ሲል አንድ ወር ሙሉ ሲያጓራ እናቱን ያሰለቸ ልጅ ነው። ሕዝቡ ጅቡን ከምንጩ አባረረው። የጓድ ሳህሌ ትከሻ ረገብ አለ።

ከዚያ አሻንጉሊቶቹ ባሉበት ቆሙ።

የቀረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፣ እሱም የሚባል ሳይሆን የሚደረግ። ሳዲያ ከጠረጴዛው ጎን አጎንብሳ ሳለ የዳሲቱ ዓይን ወደሷ ዞረ። ምን እናድርግ ነው የሚለው። ሳዲያ በከንፈሯ ብቻ «በሥርዓት» አለቻት።

የዳሲቱ ፊት በራ። ይህንንማ ታውቀዋለች። እጇ ላይ ያለችው ዶሮ በመንቁሯ ከምንጩ ጠርዝ ላይ አንዲት ጠጠር አነሳችና ፊት ለፊት አስቀመጠች።

«ይቺ የኔ ናት» አለች ዶሮዋ። ሌላ ጠጠር አመጣች። «ይቺ የጎረቤቴ ናት፤ የጠዋት ፈረቃ ገብታለች።» ሦስተኛ አመጣች። «ይቺ የአክስቴ ናት፤ አራስ ስለሆነች ልጇን ትልካለች።»

በአቃቂ የቀበሌ ሱቅ ፊት ሰው ቀኑን ሙሉ ቆሞ አይውልም፤ ፋብሪካ አለበት። ስለዚህ ስኳር ወይም ላምባ ይመጣል ከተባለ ሴቶቹ ገና ሳይነጋ ድንጋያቸውን አሰልፈው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። ልጆች ድንጋዩን ይጠብቃሉ። የሰው ድንጋይ አይነካም፤ የነካ ሰው መንደሩ ውስጥ ቀና ብሎ አይሄድም። እነዳሲቱ እናቶቻቸው በማይኖሩበት ጊዜም ይህንኑ ይጫወታሉ። ሥርዓት ማለት ለነሱ ይሄ ነበር። ሌላ ሥርዓት ያሳያቸው ሰው የለም።

አህያው ድንጋዩ ከትናንት ጀምሮ እዚያው እንደነበረና አንድ ሰው ወደ ኋላ እንደገፋበት አቤት አለ። በሬው ሁለት ጄሪካን ይዞ እንደመጣ፣ አንዱ ግን የልጁ እንደሆነ ማለ። በየስፍራው ያለው ሕዝብ የሚያውቀው ጭቅጭቅ ስለነበር ካሜራውን የያዘው ሰው መጀመሪያ ሳቀ፤ ሲስቅ ካሜራው ተንቀጠቀጠ፤ ምስሉም ቴሌቪዥን በደረሰበት አገር ሁሉ አብሮ ተንቀጠቀጠ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ምንም አልነበረም። ግን ኩምሳ አለ። ወር ሙሉ አጓርቶ በአምስት ደቂቃ መባረሩ አልተዋጠለትም፤ ጅቡም ገና እጁ ላይ ነው። ከጽሑፉ ጫፍ ላይ ቅዳጅ ወረቀት ቀዶ በጅቡ አፍ ውስጥ ሰካና ሰልፉን ሁሉ አልፎ ምንጩ ጋ ደረሰ።

«ወረቀት አለኝ» አለ ጅቡ።

ሳዲያ ጅቡን ወዲያው አወቀችው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ይሄ ጅብ ግን በደንብ የሚያውቁት ነበር። በየሳምንቱ የተሰማ የእህት ልጅ ባዶ ከረጢቱን አንጠልጥሎ ይመጣል፣ ቁራጭ ወረቀት ያሳያል፣ ከድንጋዮቹ ሁሉ በፊት ይቀዳል፣ ይሸምታል፣ ይሄዳል።

«የማን ወረቀት?» አለች ዶሮዋ።

«የአጎቴ።»

«አጎትህንም ከጠማው ድንጋይ ያስቀምጥ። አንተ ወረቀትህን ብላና ወደ ኋላ ሂድ።»

ጅቡ ወረቀቱን አየ፣ ሰልፉን አየ። ከዚያም በላው። ኩምሳ በእውነት ነበር ያኘከው፤ የጅቡ ጭንቅላት ከጠረጴዛው በላይ ሲወዛወዝ ከታች ደግሞ የራሱ መንጋጋ ይንቀሳቀስ ነበር። ምንጣፉ ላይ ያሉት ሕፃናት መሬት ላይ ተንፈራፈሩ። አቶ ወልደየሱስ ጨጓራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ግድግዳ ላይ ተለጠፉ። ጅቡ እያገሳ ሄዶ አንድ ጠጠር አነሳና ከሁሉም ኋላ አስቀመጠ። በሥርዓት ጠጡ። ቀይ መብራት ጠፋ።

ጓድ ሳህሌ ብቻ አልሳቀም።

ወዲያው ስልክ ጮኸ። አቶ ወልደየሱስ ተቀምጠው ያነሱትን ስልክ ቆመው ነው የጨረሱት። ከበላይ እንደሆነ ለሳዲያ ነገሯት። ሰውዬው የጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ልጆቹ ከየት ናቸው? ከአቃቂ ናቸው ብለው መለሱ። ሰውዬው ዘጋው።

ወደ ቤት ሲመለሱ መኪናዋ ሁለት ዓለም ጭና ነበር። ከላይ ልጆቹ የጅቡን አበላል እየደጋገሙ ይንከተከታሉ፤ ኩምሳ ወረቀቱ ጨው ጨው እንደሚል ይመሰክራል። ከታች ጋቢና ውስጥ እስከ ሳሪስ አቦ ድረስ ማንም አልተነፈሰም። መንሱር ብቻ አልፎ አልፎ፣ «ያ አላህ» እያለ ፍሬን ይረግጣል።

ጓድ ሳህሌ በመጨረሻ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው ተናገረ። ሪፖርት ማቅረብ አለበት። ካላቀረበ ሌላ ሰው ያቀርባል። ካቀረበ ደግሞ ጽሑፉ ላይ ያለው ፊርማ የራሱ ነው። ይህንን ካወጣ ካወረደ በኋላ ወደ ሳዲያ ዞረ።

«ያንን ሁሉ ማን አስጠናቸው?»

«የቀበሌው ሱቅ» አለችው።

መንሱር ሳቁን ለመደበቅ ጥሩምባ ነፋ። ሳህሌ አልተቆጣም፤ እንዲያውም ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ጓድ ሳይሆን እንደ ጎረቤት አያት። እናቱ በዚያ ሰልፍ ላይ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ እንዳላት ነገራት።

ሳዲያ ፈርታ ነበር። ዳሲቱን ጠርተው ሲጠይቋት፣ የኩምሳ እናት ስታለቅስ፣ ስኳር ጋጣው ውስጥ ሲከመር ይታያታል። ቢጠይቋት እኔ ነኝ ያስጠናኋቸው ልትል ወሰነች። እንዲያም ሆኖ ከፍርሃቱ ሥር ደስ ብሏታል፤ ያቺ ዶሮ የተናገረችውን ያህል ጥሩ ነገር እሷ ወር ሙሉ አስባ አልጻፈችም። ደስታው ራሱ አሳፈራት፤ ግን አልለቀቃትም።

አቃቂ ሲደርሱ ለዓይን ያዝ አድርጎ ነበር። የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ያለችው ቴሌቪዥን ለመንደሩ አንድ ብቻ ነበረችና ያየው ሁሉ ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ግቢውን ሞልቶ ይጠብቃቸዋል። ማንም አላጨበጨበም። ልጆቹ ከጭነቱ ላይ ሲወርዱ የሰዉን ፊት አይተው አንድ በአንድ ወደ ሳዲያ ተጠጉ።

ጓድ ተሰማ ከደረጃው ላይ ቆሟል። ከኋላው የእህቱ ልጅ አለ፤ አንገቱን ወደ ትከሻው ሰብስቦ። ሕዝቡ አዳራሽ ውስጥ አንድ ጊዜ ቴሌቪዥኑን፣ አንድ ጊዜ ልጁን እያየ ሲስቅ ስላመሸ ልጁ የሚገባበት ጠፍቶታል። ተሰማም የተናደደው በጅቡ ብቻ አልነበረም፤ ያ ሁሉ ሰው እሱ ባለበት እንዲህ መሳቅ መቻሉ ነው የከነከነው።

ሁለት ደረጃ ወረደና ጣቱን ወደ ከረጢቱ ቀሰረ።

«ሕዝቡ ባለበት ተናገሪ» አላት ለሳዲያ። «ያ ጅብ ማን ነው?»

ሁሉም ሰው መሬት መሬት አየ። ጓድ ሳህሌ ኮሌታውን አስተካከለ። መንሱር ወደ ሚስቱ አንድ እርምጃ ቀረበ። ሳዲያ በልቧ ያዘጋጀችው «እኔ ነኝ ያስጠናኋቸው» የሚል ነበር። አፏን ስትከፍት ግን ጥያቄው ምን እንደሆነ ገባት። ተሰማ የጠየቀው ማን አስጠናቸው ብሎ አይደለም።

«ጅቡማ ፊውዳሉ ነው» አለች ረጋ ብላ። «ጓድ ሳህሌ በቀይ ጽፈው ፈርመውበታል። እርስዎ ማን መስሎዎት ነው?»

ከዚያ ከአጥሩ ሥር አሮጊቷ እማማ አደሴ ቀድመው ፈነዱ። ባላባቱ በነበረ ጊዜ መሬታቸውን የተቀሙ፣ አብዮቱ ሲመጣ ደግሞ ለስኳር ድንጋይ የደረደሩ ናቸውና የሚፈሩትን ነገር ፈርተው ጨርሰዋል። እሳቸውን ተከትሎ ግቢው በሙሉ ተንከተከተ። ጓድ ሳህሌ መሀረቡን አውጥቶ ፊቱን ሸፈነ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ተሰማ የሚሄድበት መንገድ አንድ ብቻ ነበር የቀረው። ካልሳቀ ጅቡ እሱ ነው። ሳቀ። ትንሽ ዘግይቶ፣ ጥርሱን ብቻ ይዞ፣ ግን ሳቀ።

«ፊውዳሉ ነዋ!» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ለሰፊው ሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ብዬ ነው የጠየቅኩት።»

«ግልጽ ነው» አሉ እማማ አደሴ። «እንግዲህ ካማረ ክፍሉ የልጆቹ ነው ተብሏል። ክፍሉስ?»

ተሰማ ዙሪያውን አየ። ሰልፍ ሲይዙ የሚያውቃቸው ፊቶች ሁሉ ወደሱ ዞረዋል። ሳዲያ ከረጢቷን አቅፋ ትጠብቃለች፤ ዓይን ዓይኑን እንደዚያ አይታው አታውቅም።

«ክፍሉ ምን ሆነ?» አለ ተሰማ። «የልጆቹ ነው።»

ከበላይ የደወለው ሰው ማን እንደነበረና ለምን ከየት ናቸው ብሎ እንደጠየቀ እስከ መጨረሻው አልታወቀም። ጓድ ሳህሌ በሪፖርቱ ላይ በትርዒቱ የፊውዳሉ ሥርዓት ርዝራዦች በሕፃናት ዘንድ የተጋለጡ መሆናቸውን አመለከተ፤ ይህም ውሸት አልነበረም።

ሰኞ ዕለት መንሱር ስኳሩን ጭኖ መጣ። ማስቀመጫ ስላልነበረው ተሰማ ሊያሳድረው አልቻለም፤ ከኤንትሬው ላይ ሳይወርድ ለሰልፉ መሸጥ ተጀመረ። በዚያን ቀን አቃቂ ውስጥ እስከ መጨረሻው ድንጋይ ድረስ ስኳር ሳይደርሰው የቀረ ሰው አልነበረም። ወደ እኩለ ቀን ላይ የተሰማ የእህት ልጅ ባዶ ከረጢቱን ይዞ መጣ። ወደ ሚዛኑ ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ፤ ወረቀት ይዞ ይሁን አይሁን ማንም አላየም። ከዚያ ድንጋይ ወደምትጠብቀው ዳሲቱ ተመልሶ፣ መጨረሻው የማን እንደሆነ በቀስታ ጠየቃት።

ዳሲቱ አሳየችው።